በዛንድስፕሩት ጣሪያ ላይ በረዶ የሚጠብቁ ብረቶች

ኮቴን የምሰቅልበት ብረት ኮት መስቀያ አይደለም። የመዳፍ ያህል ስፋት አለው፤ አንዱ ጫፉ እንደ ማንኪያ ወደ ላይ ቀና ብሏል፣ ከኋላው ደግሞ ክንድ የማይሞላ ጠፍጣፋ ጅራት አለው። ዮቪል ውስጥ በምኖርባት ክፍል በር ጀርባ ላይ ከመታሁት ብዙ ዓመቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ኮቴን ላነሳ እጄን ስሰድ ብረቱ ጣቴን ለበለበኝ። ጆሃንስበርግ ውስጥ ብረት እንዲህ የሚቀዘቅዘው በክረምት ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ነው። ከታች ያለችው ጎረቤቴ በነጭ ጋዝ የሚሠራውን የፓራፊን ማሞቂያዋን ለኩሳለች፤ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ በበሩ ሥር ገብቷል። ሬዲዮው በከፍታ ቦታዎች በረዶ ሊወርድ ይችላል ይላል። «ይችላል» ነው ያለው። ዕድሜዬን ሙሉ ዜና ስጽፍ ስለኖርኩ «ይችላል» በሚል ቃል ከቤት አልወጣም። ዛሬ ግን የፓራፊኑ ሽታና የብረቱ ቅዝቃዜ አንድ ላይ መጡብኝና አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ኑሪን አሰብኩ።

ያን ጊዜ በዚሁ መንገድ፣ ሦስት ሕንፃ ወረድ ብሎ፣ ሦስት ሆነን በአንድ ክፍል እንኖር ነበር። ዓመተ ምሕረቱን እተወዋለሁ። ዳቦ አራት ራንድ የማይሞላበት፣ የስልክ ካርድ በጥፍር ፍቀን አገር ቤት የምንደውልበት፣ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው «ተሳክቶለታል» የሚባልበት ዘመን ነበር። እንደዚያ ያለ ጃኬት በጋራ አንድ ነበረን፤ ፔፐር፣ ያቺን የስደተኛ ወረቀት፣ ለማሳደስ ወደ ቢሮ የሚሄደው ሰው ይለብሰዋል። ሮኪ ስትሪት ማዕዘን ላይ ከኮንጎዎቹ ፀጉር ቤት የሚወጣው ጊታር ከእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ከሚወጣው ክራር ጋር ይጋጭ ነበር፤ እዚያ ቆሞ ሁለቱንም የሚሰማ ሰው ወዴት ይሄድ እንደነበር ይጠፋበታል። አሁን ምግብ ቤቱ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ፀጉር ቤቱ አለ፤ ጊታሩ ግን የለም፤ ልጆቹ ማዳመጫ በጆሯቸው ሰክተው ብቻቸውን ነው የሚሰሙት። እኔ ያኔም እንደ ዛሬው ለሬዲዮ ዘገባ እልካለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት የሰው ማመልከቻ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ጌታቸው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቀበቶና ካልሲ በትከሻው አንጠልጥሎ በየሎኬሽኑ፣ በየጥቁሮቹ ሰፈር፣ ይዞራል፣ ካልሲው ባይሸጥለት ምላሱ ይሸጥለታል። ኑሪ የስልጤ ሰው ነበር። ከከተማው ዳር ባለው የቆርቆሮ ሰፈር በዛንድስፕሩት፣ ማማ ዱዱ በሚሏት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ፣ በቆርቆሮ የተሠራች ስፓዛ ነበረችው፤ ሱቅም መኝታም እዚያችው ናት። በሳምንት አንድ ቀን ዕቃ ሊገዛ ወደ ከተማ ሲመጣ ከእኛ ዘንድ ያድራል። ከእኔ በአሥር ዓመት ስለሚያንስ ጋሼ ይለኝ ነበር። ስለ ንግድ የሚያውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ «የማይሸጥ ዕቃ የለም፤ ገዢው ያልመጣ ዕቃ እንጂ።»

በዚህ ሕግ የተነሳ ነው ብረቶቹ ቤታችን የገቡት። የእኛ ነጋዴዎች ኦክሽን፣ ማለትም ጨረታ፣ ላይ ሲሄዱ ዕቃ መርጠው አይገዙም፤ የከሰረ መጋዘን ሲሸጥ አንድ ጥግ ያለውን ሁሉ በአንድ ዋጋ ያነሳሉ፣ ውስጡን ቤት ገብተው ያያሉ። ኑሪ የፈለገው ለሱቁ ማስፋፊያ የሚሆን ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮውን አገኘ፤ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ በሚስማር የታሸጉ አሥራ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች አብረው መጡ። ስፓዛዋ ስለማትችላቸው ወደ እኛ ክፍል ወጡ። የመጀመሪያውን ስንከፍት በዘይት ወረቀት የተጠቀለሉ እነዚህ ብረቶች ብቅ አሉ። ሁለተኛውም እነሱ፤ አሥራ ሁለተኛውም እነሱ።

ጌታቸው አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየና፣ «ኑሪ፣ የጫማ ማጥለቂያ ነው የገዛኸው» አለው።

«ጅራቱስ?»

«ጅራቱ ለረጃጅሞቹ ነዋ፣ እንዳያጎነብሱ።»

ኑሪ አልሳቀም። «የመደርደሪያ መደገፊያ ነው። ወላሂ ነው።» መደርደሪያ ልንደግፍበት ሞከርን፤ መደርደሪያው ወደ ፊት ዘምበል አለና የጌታቸው ካልሲዎች ወለሉ ላይ ፈሰሱ። ያኔ ኑሪ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ መጠየቅ ሥራህ ነው። ጠይቅልኝ።»

ጠየቅሁ። አንዱን በኮት ኪሴ ይዤ ሦስት ሳምንት ዞርኩ። ቤሪያ ሰፈር ያለ የሕንፃ ጠባቂ የግንበኛ መሣሪያ ነው አለኝ፤ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ የፈረስ ዕቃ ነው አለኝ፤ ሁለቱንም በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና ጎናቸው የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። በመጨረሻ በከተማው ምሥራቅ በኩል ባለ አሮጌ የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ የሰኩ ነጭ ሽማግሌ ብረቱን ከእጄ ወስደው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና፣ «ጣሪያ ሥራ ስማር፣ እዚያ እኛ አገር ተራራው ላይ፣ ይህን ሳስር ነው እጄ የሻከረው» አሉኝ። እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ ጣሪያ ላይ ይከመራል፤ ፀሐይ ስትወጣ በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ በሩ ላይ የቆመ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ክብደቱ ሰው ይገድላል። ይህ ብረት በመስመር በመስመር ጣሪያው ላይ ይታሰራል።

«ታዲያ በረዶውን ያስቀረዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አያስቀረውም። ይይዘዋል እንጂ። እዚያው እንዳለ ቀስ ብሎ ይቀልጣል።»

ጆሃንስበርግ ድረስ ማን እንዳመጣው ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ሰበቁ። «አንድ ሰው አገሩ ናፍቆት አዝዞት ይሆናል» አሉ። ይህንንም ጻፍኩት፤ ጎኑ ምንም ምልክት አላደረግሁም።

ቤት ገብቼ ስናገር ጌታቸው አልጋው ላይ ወደቀ። «ለበረዶ! ጆሃንስበርግ ላይ! ኑሪ፣ ይሄ ሲያልቅ አሳይታ ወርደህ ጋቢ ትነግዳለህ!»

ኑሪ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ጋሼ፣ እዚህ ከተማ ላይ በረዶ ወርዶ አያውቅም?»

«ሽማግሌዎቹ አይተናል ይላሉ። በብዙ ዓመት አንዴ።»

«እንግዲያው ይወርዳል» አለና ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ከአልጋው ሥር ገፋቸው። ለእኔ አንዱን አወጣልኝ። «ይሄ የጠየቅህበት ነው» አለኝ። ያው ዛሬ በሩ ላይ ያለው ነው።

በነሐሴ ዛንድስፕሩት ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ ያላየ ሰው የሚቀጥለውን አይረዳውም። እዚያ የጣሪያ ቆርቆሮ በሚስማር አይመታም፤ ሚስማር የቀደደው ዝናብ ያስገባል፣ ደግሞም ቤቱ ነገ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሊተከል ይችላል። ስለዚህ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ይጫንበታል። ነፋሱ ሲመጣ ቆርቆሮውን ከሥሩ ያነሣዋል፣ ድንጋዩ ይላወሳል፣ አንዳንዴም ይወርዳል። በዚያ ዓመት የወረደው ከኑሪ ሱቅ ጣሪያ ነው፤ ያረፈውም ልብስ ስታሰጣ በነበረችው በማማ ዱዱ ክንድ ላይ ነው። ክንዷ ከክርኗ በታች ተሰበረ። ታላቅ ወንድሟ በዚያው ቀን ሁለት ጎረቤት አስከትሎ ሱቁ በር ላይ መጣና አጭር ቃል ተናገረ፦ እስከ እሁድ ዕቃህን ይዘህ ከግቢው ውጣ።

ኑሪ ይህን የነገረን ዓርብ ቀን ነው፤ ጁምዓ ሰግዶ በቀጥታ መጣ። ጌታቸው እንኳ አልቀለደም። ሌላ ግቢ እንፈልግልሃለን፣ ዕቃህ እዚህ ይቀመጣል፣ ስንል ኑሪ ራሱን ነቀነቀ።

«ሱቅ ይገኛል ጋሼ። ሱቅ የት ይጠፋል! ታምሜ ስተኛ ልብሴን ያጠበችው እሷ ናት። እናቴን በገዛ ድንጋዬ ሰብሬ የምወጣበት ፊት ግን የለኝም።» ከዚያ ተንበርክኮ ሣጥኖቹን ከአልጋው ሥር መጎተት ጀመረ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባን አራተኛው ሣጥን ላይ ነው።

ቅዳሜ ሣጥኖቹን በኪራይ ባኪ፣ በትንሽ የጭነት መኪና፣ ጭነን ሄድን። ኑሪ ሱቁን ዘግቶ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ በዒድ እንኳ ሰግዶ ሲመለስ ይከፍት ነበር። መሰላል ተዋሰና ጣሪያ ላይ ወጣ፤ የወጣው ግን በራሱ ሱቅ ላይ አይደለም፣ በማማ ዱዱ ቤት ላይ ነው። የብረቱ ረጅም ጅራት በሁለት ቆርቆሮዎች መደራረቢያ ሥር ይገባል፤ ጫፉን ሲያጥፈው ከሥር ያለውን አግዳሚ እንጨት ይጨብጣል፤ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለም። ቀና ያለው አፉ ውጭ ይቀራል። ድንጋዩ ከዚያ ጀርባ ይቀመጣል፣ ነፋስ ቢያነሣውም የሚሄድበት የለውም። ማማ ዱዱ ክንዷ በጀሶ ተጠቅልሎ፣ ግቢው መሐል የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ትመለከት ነበር። ሁለተኛው መስመር ሲጀመር ግን አላስቻላትም።

«ጠማማ ነው!» ብላ ጮኸች በዙሉ። «ሦስተኛው! እኔ ነኝ እንጂ የተሰበርኩት፣ ያንተ ዓይን ምን ሆነ?»

«የቱ ማማ?»

«የቱ ይለኛል! ከጎማው አጠገብ!»

ኑሪ አቀናው። «አሁንስ?»

«አሁን ደህና ነው» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «ኑሪ ዋሚ፣ ውሃ ጠጣ» አለችው። ኑሪ ዋሚ ማለት የእኔ ኑሪ ማለት ነው። ኑሪ ጣሪያው ላይ ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዙሮ ለረጅም ጊዜ መዶሻውን ፈለገ። መዶሻው በእጁ ነበር፤ ይህን ከታች ሆኜ አይቻለሁ።

እሁድ ወንድሟ መጣ። ዕቃው ወጥቶ ይጠብቀኛል ብሎ ነበር፤ የጠበቀው ግን ከግቢው በር እስከ መንገዱ የተሰለፈ ጎረቤት ነው፤ ሁሉም ለጣሪያቸው ብረት ይለምናሉ። ኑሪ ያለ ዋጋ ያድላል፣ ጌታቸው ጅራቱ እንዴት እንደሚታጠፍ በሦስት ቋንቋ ያስረዳል። ወንድምየው አንዱን ብረት አንሥቶ መዘነ፣ የእህቱን ጣሪያ አየ፣ እህቱን አየ። «መጀመሪያ የእኔን ጣሪያ ትሠራለህ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለው። ጣሪያው ተሠራ። ያ ንግግር ግን እስከ ዛሬ አልተደረገም።

«አሥራ ሁለት ሣጥን ዕቃ፣ አንድ ፍሬ ያልሸጠ ነጋዴ!» አለ ጌታቸው ወደ ቤት ስንመለስ።

«ገዢው መጣ እኮ» አለ ኑሪ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለእኔ አንድ ረጅም ከሰዓት ይመስሉኛል። ጌታቸው ወደ ኬፕ ታውን ሄደ፣ ከዚያም ወሬው ራቀ። እኔ እየደረሰኝ ወደ ዛንድስፕሩት እወርዳለሁ፤ ከሱቁ ፊት ለፊት በቢራ ሣጥን ላይ እንቀመጣለን፤ ደንበኞች ሳንቲም በፍርግርጉ እያስገቡ «ሳውቦና ኑሪ» ብለው ሰላም ይሉታል፣ እሱም «ዬቦ» ይላል፣ ፀሐይዋ በማማ ዱዱ ጣሪያ ላይ ስታዘቀዝቅ የብረቶቹ ጥላ በቆርቆሮው ላይ ይረዝማል። ያችን ሰዓት የሚመልስልኝ ባገኝ ይህን ሁሉ የጻፍኩትን ዘገባ በለወጥኩት ነበር። ብርድ በመጣ ቁጥር ኑሪ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ «ጋሼ፣ ሬዲዮው ምን ይላል?» ድንጋይ መያዛቸው አላረካውም። የተሠሩበትን ሥራ ሲሠሩ አንድ ቀን ማየት ይፈልጋል። ወርዶ አያውቅም፤ ከወረደም የወረደው ሌላ ቦታ ነበር።

በመጨረሻ ኩላሊቱ ታመመ። ሴት ልጆቹ አድገው ነበር፣ ሚስቱም በስልክ ድምፅ ብቻ አርጅታበታለች፤ ወደ አገሩ ገባ። ሱቋን ለወንድሙ ልጅ ተወ፣ ትልቁን የመጠጥ ፍሪዘር ለማማ ዱዱ አወረሰ። ሲሰናበተኝ እጄን ይዞ፣ «ከወረደ ሂድና እይልኝ። ሰማሁ እንዳትለኝ፤ አየሁ በለኝ» አለ። እሺ አልኩት። እኔ እሺ ካልኩ እሺ ነው፤ ቢያንስ እንዲያ አስብ ነበር።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ክረምት ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ዮቪል ዱቄት የተነፋባት መስላ አገኘኋት። አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን ለቀው፣ ነርሶች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ታክሲ ነጂዎች ሞተራቸውን ሳያጠፉ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቷል። ለኑሪ ልጅ ስልክ ላይ መልእክት ላክሁ፦ «በረዶ ወርዷል። ልሄድ ነው።» ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ የሬዲዮው አዘጋጅ ደወለ። የሦስት ሰው ድምፅ ያለበት ዘገባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይፈልጋል። ሥራ ሥራ ነው ብዬ ማዕዘኑ ላይ ቆምኩ። የሦስት ሰው ድምፅ ቀዳሁ፣ ስሞቹን ሁለት ጊዜ አጣራሁ፣ ጽፌ ላክሁ፣ እርማት ተጠየቅሁ፣ አረምኩ። ጥሩ ዘገባ ነበር። ምን እንዳልኩበት ዛሬ አላስታውስም።

በሁለት ታክሲ ዛንድስፕሩት ስደርስ ቀትር አልፏል፣ ፀሐይ ወጥታለች። የማማ ዱዱ ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ያበራል፤ ቆርቆሮ፣ ድንጋይ፣ ጎማ፣ ሁለት መስመር ብረት። ነጭ ነገር አንድ እንኳ የለም። ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠባል። በዚያችው ደቂቃ ስልኬ ጮኸ። የኑሪ ልጅ ነበረች፤ «አባባ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን አልለቅም ብሏል» ብላ አቀበለችው።

«ጋሼ» አለ። ድምፁ ሣሥቷል። «ያዘው?»

ያዘው ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት፣ ማንንም አትጎዳም። አልቻልኩም። «ኑሪ፣ አላየሁም። ዘግይቼ ደረስኩ። ቀልጧል።»

«ይንጠባጠባል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይንጠባጠባል።» ስልኩን ወደ ጣሪያው ጫፍ አስጠግቼ አሰማሁት።

ከኋላዬ፣ «አሁን ነው የምትመጣው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማማ ዱዱ ናት፤ ትከሻዋ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ፣ ከዚያ ከጥንቱ ቦታ፣ ከቢራ ሣጥኗ ላይ ተነሥታ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። በዙሉ ጮክ ብላ ተናገረች፤ ሩቅ ለሆነ ሰው መጮህ እንደሚያስፈልግ ታምናለች። «ኑሪ ዋሚ! እኔ አይቻለሁ! ሳይነጋ ጀምሮ እዚህ ተቀምጫለሁ። በየብረቱ ጀርባ ነጭ ዶሮ የተኛች ይመስል ነበር። የወንዝ ማዶዎቹ ጣሪያ ሁሉ ተራገፈ፣ የአንተ አልተራገፈም። እስከ ሻይ ሰዓት ያዘው! ከዚያ ቀስ ብሎ ሄደ።» በወዲያኛው ጫፍ የመጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ሌላ፣ በስልክ የሰማሁት ስለሆነ አልመሰክርም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝ። ኑሪ የተወላት ፍሪዘር በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፤ መብራት ሲጠፋ እንዲቆይ ነው። ከፈተችና ከዶሮ እግርና ከአይስክሬም መሐል የቆርቆሮ ሳህን አወጣች። ሳህኑ ላይ ጡብ የሚያህል በረዶ ተቀምጧል። አንደኛው ጎኑ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሏል፤ እንደ ማንኪያ ቀና ያለ፣ የመዳፍ ያህል የሰፋ ቅርጽ። የብረቱ አሻራ ነው። በገዛ እጇ መሰላል ወጥታ ከብረቱ ጀርባ አንሥታዋለች፤ በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ክንዷ።

«እናንተ ጋዜጠኞች ካላያችሁ አታምኑም» አለችኝ።

ለኑሪ በዚያው ሰዓት ደውዬ፣ «አሁን አየሁ» አልኩት። መስከረም ሳይጠባ አረፈ።

አዘጋጁ ዛሬም ጠዋት ደውሎ ነበር። አዲስ ነው፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። በረዶ ከወረደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘገባ ልትልክልኝ ትችላለህ ወይ አለኝ። ማታ እልክልሃለሁ አልኩት። ከዚያ ለማማ ዱዱ ደወልኩ። ጆሮዋ ደክሟል፣ ልመጣ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። ላይወርድ ይችላል፤ ሰማዩ እንደ ወትሮው ነው፣ ሬዲዮውም ከ«ይችላል» አላለፈም። ይህን የምጨርሰው ኮቴን ለብሼ ነው፤ ብረቱ በሩ ላይ ባዶውን ቀርቷል። ማማ ዱዱ ሁለት የቢራ ሣጥን ግቢው ውስጥ አውጥቻለሁ ብላኛለች።